የጠገራው ጆሮ

መንሱር የመጨረሻዋን የብር ከንፈር በማለስለሻው ብረት ተጭኖ አጠፋትና ትንፋሹን ለቀቀ። ጠገራው ገብቶ ተቀመጠ። ዋንጫውን ወደ መብራቱ አዙሮ የአውራ ጣቱን ጥፍር በሳንቲሙና በዋንጫው መጋጠሚያ ላይ ቀስ አድርጎ ጎተተው። ምንም አልያዘውም። "ጥፍር ካደናቀፈ ሥራ አይባልም" ይሉ ነበር መርካቶ ውስጥ ሙያውን ያስተማሩት ሐጅ ኑዕማን። ሐጅ ኑዕማን ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ መንሱር ግን እስከ ዛሬ ጥፍሩን ሳይጎትት ለሰው ያስረከበው ዕቃ የለም።

ሱቁ፣ ሱቅ ከተባለ፣ በስደት በሚኖርባት በኦሮራ ከተማ ውስጥ በልብስ ሰፊና በስልክ ጠጋኝ መሃል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰ ሐብል መቀጠል፣ የጠበበ ቀለበት ማስፋት፣ የሰዓት ባትሪ መቀየር ነው። ባትሪ መቀየሩን ሥራ አይለውም፤ ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍልለት እሱ ነው፤ ምን ያድርግ።

እንደዚህ ያለ ዕቃ ግን በስድሳ አራት ዓመቱ እጁ ገብቶ አያውቅም። ዋንጫው አንድ ስንዝር ቁመት አለው፤ ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ ነው። ውጪው ብር ሆኖ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ውስጡ የወርቅ ቅብ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሳንቲሞቹ ናቸው። ከታች አራት፣ ከላይ አራት ሆነው ትልልቅ የድሮ ብሮች ገላው ላይ ተሰክተዋል፤ ያውም ተለጥፈው ሳይሆን የዋንጫው ግድግዳ ራሱ በክብ በክብ ተቆርጦ ነው የገቡት። በውጪ የንጉሡ ፊት፣ በውስጥ የሳንቲሙ ጀርባ ይታያል። የሚጠጣ ሰው ወይኑን ባጎደለ ቁጥር ሳንቲሞቹ ከሥሩ አንድ በአንድ ይወጡለታል ማለት ነው። ይህን የሠራው የሃንጋሪ አንጥረኛ አፈር ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። መንሱር ግን ሰውየውን ወዶታል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አብሮት ሲሠራ የሰነበተ ያህል ነው የሚሰማው።

እጁ ሲገባ ግን ከላይኛው ረድፍ አንዱ ሳንቲም አልነበረም። በቦታው ጠርዙ የተጣመመ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

ዋንጫውን በፎጣ ጠቅልላ ያመጣችለት ሠርካዲስ ናት። ሠርካዲስ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ ወይዘሮ ማርጊት የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት የሃንጋሪ ሴት ታስታምማለች። ባሏ ቀለበቱን መንሱር ዘንድ ካሠራ ወዲህ ነው የተዋወቁት።

"ጋሽ መንሱር፣ ይሄ የእማማ ማርጊት ጽዋ ነው" አለችው ያን ቀን። ጴንጤ ናትና ዋንጫ ከማለት ጽዋ ማለት ይቀናታል። "እግሩ ይወዛወዛል። ቀጥ ብሎ እንዲቆምላቸው ነው የፈለጉት።"

"ይሄ ቀዳዳስ?"

"እኔ እንጃ። ስለሱ ያሉኝ ነገር የለም። ያው እርስዎ ያውቃሉ፣ እንደሚሆን ያድርጉት።"

"የወይን መጠጫ ነው አይደል?"

"ነው። ቅር ይልዎታል እንዴ?"

"እኔ ብሩን ነው የምሠራው። የሚቀዳበትን አልጠየቅኩሽም።"

"እኔም መቅዳት እንጂ መጠጣት የለሁበትም" ብላ ሳቀች።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው "እርስዎ ያውቃሉ" ላይ ነው። ይህች ቃል በኛ ዘንድ የአክብሮት ናት፤ ሰው ሲላት ከልቡ "እንደፈለጉ ያድርጉት" ማለቱ አይደለም። እጁ የሥራ ረሃብ ያለበት አንጥረኛ ግን ሲሰማት ሌላ ነገር ትሆናለች። መንሱር እግሩን በግማሽ ሰዓት አጥብቆ ጨረሰ። ከዚያ ቀዳዳውን ማየት ጀመረ። በየቀኑ ያየዋል። ቀዳዳ ያለው ዋንጫ እንዴት ተደርጎ ለባለቤቱ ይመለሳል? ሚስቱ ዛኪያ በሕይወት ሳለች የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ሌላው ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ታደርግበት ነበር። "የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም" ነበር ቃሏ።

ከታችኛው ረድፍ ደግሞ አንዷን ሳንቲም አወቃት። ሌሎቹ ጢማም ነገሥታት ናቸው፤ እሷ ግን ሴት ናት። ወጣት ሆና ተቀረጸች እንጂ ያቺው የጠገራ ብሯ ደረተ ሙሉ ንግሥት ነች። መንሱር ተነስቶ የታችኛውን መሳቢያ ከፈተና ሁለት ዓመት ያልነካትን ጠገራ አወጣ። ቀዳዳው ላይ ለካት። ልክ ነበረች።

ጠገራዋ የዛኪያ ናት። ወሎ ካሉት እናቷ ናት የወረሰቻት፤ እናቷም ከእናታቸው። በቤታቸው ልማድ ሴት ልጅ ስትወለድ የአራሷ እናት ከአንገቷ ፈትታ ለአራሷ ታስርላታለች። ክሩ የሚያልፍበትን ጆሮ ግን የሠራላት መንሱር ነው፤ የቀድሞው ተበልቶ ስለነበር፣ ልጃቸው በተወለደች በሳምንቱ፣ ሐጅ ኑዕማን ሱቅ ቁጭ ብሎ። ዛኪያ ኩላሊቷን ታማ ሞተች። አርባዋ ሲወጣ መንሱር ብሩን ለልጃቸው ለሂዳያ ዘረጋላት። ሂዳያ እጁን ገፋችውና "አባ፣ ይሄንን አልችልም፣ አስቀምጠው" አለች። እሱ የሰማው አልፈልገውም ያለችውን ነው። ለማንም አልተናገረም እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆርቁሮታል።

ማንም ካልፈለጋት ሰው በሚያያት ቦታ ትቀመጥ ብሎ ዛሬ ጠዋት ቆረጠ። ጆሮዋ አላስገባ ስላለ በቀጭኑ መጋዝ ቆርጦ ጣለው፤ ጠርዟን በሞረድ አስተካክሎ፣ አለስልሶ፣ በእሳት እንዳይሆን የወርቅ ቅቡ ይቃጠላል ብሎ፣ የቀዳዳውን ከንፈር ብቻ እያጠፈ አስገባት። ደስ ብሎት ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ከዛኪያ ወዲህ እንደዛሬ ጠዋት ደስ ብሎት አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ። ሂዳያ ነበረች።

"አባ፣ ሥራ ላይ ነህ?"

"ነኝ። ደህና ነሽ? ሆድሽስ?"

"እሱን ልነግርህ ነው። ትናንት አልትራሳውንድ ነበረኝ አይደል? ሴት ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ መንሱር፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። "አልሐምዱሊላህ። በሰላም ያምጣት።"

"ዛኪያ ነው የምላት። ለማንም አልተናገርኩም፣ አንተ የመጀመሪያ ነህ።"

ሂዳያ ቀጠለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

"አባ፣ የእማን ብር ፈልጌው ነበር። ያኔ አስቀምጠው ያልኩህ ሳየው እሷ አንገት ላይ እየታየኝ ነው፤ ሾክ ላይ ነበርኩ። አሁን የምችል ይመስለኛል። አያቴ ለእማ ያሰረችላት እኔ ስወለድ አይደል? እማ ባትኖርም አንተ እንድታስርልኝ ነው። አባ?"

"አለሁ።"

"ብሩ አለ አይደል?"

"አለ" አለ።

"ከሥራ ስወጣ በዛ በኩል ልምጣ?"

"ነይ።"

አለ ማለቱ ውሸት አይደለም። የት እንዳለ አልተጠየቀም። ስልኩን አስቀምጦ ጠገራዋን በማጉያ መነጽሩ አያት። የድሮ ነጋዴዎች እውነተኛ መሆኗን የሚያጣሩት ደረቷ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ቆጥረው ነው፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። እሱም ሳያስበው ቆጠረ። ዘጠኝ ናቸው። ልጁ አስቀምጠው አለችው እንጂ አልፈልገውም አላለችም። ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመትና አንድ መጋዝ ፈጀበት።

አወጣታለሁ አለ። ማለስለሻውን አነሳ። ወዲያው ስልኩ ሁለተኛ ጮኸ፤ ይሄኛው ደግሞ ከሠርካዲስ ነበር።

"ጋሽ መንሱር፣ ጽዋው አልቋል?"

"እግሩ አልቋል።"

"ከቻሉ አሁን ያምጡልኝ። ለመጨረሻ ጊዜያቸው የተመደበችላቸው ነርስ አሁን ወጣች፤ ዛሬን ወይ ነገን ነው የምትለው። እማማ ማርጊት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጽዋዬ እያሉ ነው። ዛሬ ቀኑ ነው ይላሉ።"

"የምኑ ቀን?"

"ከአገራቸው የወጡበት። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ዛሬን ጠብቀው ይጠጡበታል። እኔ አራት ዓመት ቀድቼላቸዋለሁ።"

"መጣሁ" አለ መንሱር።

ለመንቀል ጊዜ ነበረው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ለሞት ለተቃረቡ ሴት አስቤ ያደረግኩትን መልሼ ልንጠቅ ነው እንዴ ብሎ እጁ አልታዘዘው አለ። የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው፤ የተወሰደበት ሰው ባያውቅም ሰጪው ያውቀዋል። ዋንጫውን በሠርካዲስ ፎጣ ጠቀለለና መብራቱን አጥፍቶ ወጣ።

የኮልፋክስን ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ ነዳ። ቀጭን በረዶ ይጥላል፤ መሬት ሳይነካ ይቀልጣል። ፎጣውን ጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ቀበቶ አስሮለታል። ለሂዳያ ምን እንደሚላት እያሰበ በየመብራቱ ይቆማል። ጠፋ ይበላት? ልጁ ፊት ዋሽቶ አያውቅም። ሰጠሁት ይበላት? ለማን፣ ለምን ትለዋለች። እናቷ አንድ ዕቃ ነው ያስቀረችላት፤ እሱን አባቷ የማያውቃቸው ሴት ዋንጫ ላይ ሰክቶታል። አንዱ መብራት ላይ አረንጓዴ በርቶ ከኋላው ጥሩምባ እስኪነፉበት አላየውም።

የወይዘሮ ማርጊት ቤት ትልልቅ ዛፎች የተተከሉበት ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ ሠርካዲስ ከፈተችለት።

"ተባረኩ ጋሽ መንሱር። ይግቡ፣ ነቅተዋል።"

አልጋቸው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተዘርግቷል። ወይዘሮ ማርጊት አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ትራሱ ላይ ቀና ብለዋል። ዓይናቸው መሃል መሃሉን አያይም፤ ሠርካዲስ እንደነገረችው የሰው ዳር ዳሩን ብቻ ነው የሚያዩት። እንግሊዝኛቸው እንደ መንሱር የስደተኛ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቀስ ብለው ሲያወሩ በደንብ ይግባባሉ።

"አንጥረኛው ነህ?"

"አዎ እሜቴ። እግሩ ተሠርቷል፤ ከእንግዲህ አይወዛወዝም።"

"አምጣው።"

ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። መንሱር ዋንጫውን እጃቸው ላይ አስቀመጠ። ፊታቸው ሲፈካ አየና ለአንዲት ቅጽበት ሂዳያንም ረሳት። አውራ ጣታቸው የላይኛውን ረድፍ ተከትሎ መሄድ ጀመረ። አንዴ ዞረ። ቆመና ተመልሶ ዞረ። ሦስተኛ ሊዞር ሲል ከዋንጫው ላይ አነሱት።

"ይሄ የኔ አይደለም" አሉ።

"የእርስዎ ነው እማማ" አለች ሠርካዲስ ጎንበስ ብላ። "ያው ነው፣ እግሩ ስለተሠራ ነው።"

"የኔ አይደለም። የኔን አምጪልኝ። ጊዜ የለኝም፣ ሠርካዲስ።"

ሠርካዲስ ወደ መንሱር ቀና አለች፤ ዓይኗ ላይ ጥርጣሬ ነበር። መንሱር ወደ አልጋው ቀረበ።

"የእርስዎ ነው" አለ። "ቀዳዳውን ደፍኜው ነው። በእውነተኛ ብር ነው የደፈንኩት፤ ወይን አያፈስም አሁን።"

ወይዘሮ ማርጊት ዋንጫውን ዝቅ አደረጉት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

"ማን ድፈነው አለህ?"

ማንም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንግዲህ እሱ ነው። ሴትዮዋ ዋንጫውን ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ እየቆሙ፣ በየሁለት ቃሉ እየተነፈሱ ነገሩት።

"አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እህቴ ካቲ አምስት። የወራሪ ታንክ ከተማችን ገብቷል። አባቴ የድንበሩን ረግረግ የሚያሻግር ሰው አገኘ። ሰውየው የኛን የወረቀት ገንዘብ አልፈልግም፣ ብር አለ። አባቴ በዳቦ ቢላዋ ከዚህ ዋንጫ ላይ አንዱን ፈልቅቆ ሰጠው። ካቲ መራመድ ስላልቻለች ሰውየው አዘላት። እኛ ከኋላ ነበርን። ከዚያ የድንበር ጠባቂዎች መብራት በራብን፤ ሁሉም ሮጠ። እኛ ተሻገርን። ሰውየውም ካቲም አልመጡም።"

"ኋላስ? አልተገኘችም?" አለ መንሱር።

"አባቴ እስኪሞት ደብዳቤ ሲጽፍ ኖረ። መቃብር የላትም። እናቴ ዛሬን ቀን ጠብቃ ይሄንን ትሞላው ነበር፤ እሷ ስትሞት እኔ ተቀበልኩ። የሚሞላው ቀዳዳው ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ እንዴት ይሞላል? ወይኑ ካቲ ጋ ሲደርስ ይቆማል። አውራ ጣቴን አስገብቼ ነው የማውቀው።"

ሠርካዲስ አፏን በእጇ ያዘች። አራት ዓመት ስትቀዳ በቃ ሲሏት ታቆማለች እንጂ ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ" አለ መንሱር። "በኛ ወግ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ለዚያ ብዬ ነው።"

"ባዶ አልነበረም" አሉ ወይዘሮ ማርጊት።

መንሱር አንገቱን ደፋ። አርባ ዓመት ሙሉ የጎደለ ሲሞላ፣ የተሰበረ ሲቀጥል ኖሯል። አንድም ሰው ጉድለቴን መልስልኝ ብሎት አያውቅም።

"ልታወጣው ትችላለህ?"

"እችላለሁ። ሱቅ ወስጄ በደቂቃ..."

"አይሆንም። እዚሁ አውጣው።"

መሣሪያ አልያዘም። ሠርካዲስን ቀጭን ቢላዋ ጠየቃት። ማድ ቤት ገብታ መሳቢያ ስታተራምስ ቆይታ ይዛ የመጣችው ዳቦ መቁረጫ ነው። ሁለቱም ቢላዋውን አይተው ተያዩ፤ ሌላ አለሽ ወይ አላላትም። መንሱር ወንበር ስቦ አልጋው ጎን ተቀመጠ። ዋንጫውን በፎጣው ጭኑ ላይ አቅፎ ጫፉን ከንፈሩ ሥር አስገባ። ጠዋት አንድ ሰዓት የፈጀበትን ሥራ ራሱ ማበላሸት ጀመረ። ብሩ ከተጣጠፈ በኋላ ሲመለስ ይሰነጠቃል፤ አንድ ጎኑ ተሰነጠቀ። ከዚያ ጠገራዋ ቀጭ ብላ ጭኑ ላይ ወደቀች።

ወይዘሮ ማርጊት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንዲህ ነበር የጮኸው" አሉ። "ከጠረጴዛው ሥር ሆነን ሰምተናል፣ እኔና ካቲ።"

መንሱር የተሰነጠቀውን ጠርዝ በጣቱ ሊያስተካክል ሲል ተወው፤ ዋንጫውን እንዳለ መለሰላቸው። አውራ ጣታቸው ሄዶ ቀዳዳውን አገኘና ገባ። ቆይተው ሌላውን እጃቸውን ወደሱ ዘረጉ።

"የደፈንክበትን አሳየኝ።"

ጠገራዋን መዳፋቸው ላይ አኖረ። በጣታቸው ጫፍ ፊቷን ዳሰሱ፤ ጉንጯን፣ ደረቷን፣ ዕንቁዎቹን።

"ይቺን አውቃታለሁ። የኛም ንግሥት ነበረች። አንተ የት አገኘሃት?"

"ሚስቴ አንገት ላይ ነበረች።"

"ሚስትህስ?"

"ሞታለች። ሁለት ዓመቷ። አላህ ይዘንላት።"

"አንገት ላይ ከነበረች ክሩ በየት ያልፋል?"

"ጆሮ ነበራት። ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩት፤ ዋንጫው ውስጥ እንድትገባ።"

ጠርዟን ዞር ዞር አድርገው ፈለጉ። ሰማንያ አንድ ዓመት የኖረ ጣት፣ ዓይን የሆነ ጣት፣ ምንም አላገኘም።

"እዚህ ምንም የለም" አሉ። "ጎበዝ ሠራተኛ ነህ።"

በሕይወቱ ብዙ ሰው አመስግኖታል። እንደዚህ የከበደው ምስጋና ግን የለም። ጠገራዋን ተቀብሎ ጨበጣት።

ሠርካዲስ ጠርሙሱን ይዛ መጣች። ቀስ ብላ ቀዳች፤ የታችኛው ረድፍ ነገሥታት ከነንግሥታቸው ሰጠሙ፤ ወይኑ እየወጣ የወይዘሮ ማርጊትን ጣት ነካ። "በቃ" አሉ። ሠርካዲስ አቆመች። ዋንጫውን ደግፋ ከንፈራቸውን አረጠበችላቸው፤ ከዚያ በላይ አልቻሉም። አንዲት ጠብታ በቀዳዳው ወርዳ አንሶላው ላይ ፈሰሰች። ማንም አልጠረጋትም።

መንሱር ሲወጣ ሠርካዲስ እስከ በር ሸኘችው። ዓይኗ ቀልቷል።

"ጋሽ መንሱር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎ ያውቃሉ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ" አለ። "እኔ ነኝ አውቃለሁ ያልኩት። ግቢ፣ ብቻቸውን አትተያቸው።"

ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ስልክ ጠጋኙ ጎረቤቱ ዘግቶ እየወጣ ነበር። መንሱር ካፖርቱን ሳያወልቅ ቁርጥራጭ ብር የሚያጠራቅምበትን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። ጆሮውን ፈልጎ አገኘው። ከተሠራ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ውስጡ በክር ተፍቆ በአንድ ጎን ሳስቷል፤ ያ የዛኪያ አንገት ያሳሳው ነው፤ ስትሠራ፣ ስትሰግድ፣ ልጅ ስታቅፍ። ጠዋት ሲቆርጠው ይህን አላየም። አሁን ሲያየው አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ ነው ያለቀሰው፤ ከቀብሯ ቀን ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰም።

ፊቱን ጠርጎ መበየጃውን ለኮሰ። ጆሮውን በቦታው አቁሞ፣ ብየዳውን አስቀምጦ እሳቱን አስጠጋ። ብየዳው ቀልጦ ሲሮጥ እሳቱን መለሰ። ውኃ ውስጥ ነክሮ አወጣት። ጆሮዋ ቆሟል፤ ዳሩ ላይ ግን ብየዳው ጠቁሮ፣ እንደ ዳነ ቁስል ከፍ ብሎ ይታያል። ይሄ ለሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ አብርቶ ያጠፋዋል። ሂዳያ መቼም አታውቅም። ሞረዱን አነሳ።

በመስታወቱ በኩል የሂዳያ መኪና መጥታ ቆመች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው በሩን ይዛ ቀስ ብላ ስትወርድ አያት፤ ቁርጥ እናቷን ትመስላለች።

መንሱር የአውራ ጣቱን ጥፍር በብየዳው ላይ ጎተተ። ጥፍሩ ያዘ። አንዴ ደግሞ ጎተተ፤ እዚያው ቦታ ላይ ያዘ። ሐጅ ኑዕማን ቢኖሩ ጥለውበት ይወጡ ነበር። ሞረዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ዘጋውና በሩን ሊከፍትላት ተነሳ።

"አባ፣ አገኘኸው?" አለች ሂዳያ ከደጅ።

"አግኝቼዋለሁ። ግቢ፣ ተቀመጪ" አላት። "ከማስርልሽ በፊት ግን እዚህ ጋ ዳብሺው፤ ከዚያ ያደረግኩትን ልነግርሽ ነው።"